ከአሮጌው ሳይጠፋ ወደ አዲሱ አይገባም

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው መነጽራቸው ነው። ሽማግሌው ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ሲቀመጡ መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ የለም፤ እጃቸው ውስጥ ነው፤ ታጥፎ፣ መምህር እስኪገባ እንደሚጠብቅ ተማሪ እርሳስ በሁለት ጣት ተይዞ። ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፤ ሰማያዊ ይሆናል፤ መሃሉ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች። ሰው መነጽር የሚያደርገው ለማየት ነው፤ እሳቸው ግን መነጽሩን ለማድረግ መጀመሪያ የሚሰሙት ነገር አለ። ከዚያ ከሁለቱ ትንንሽ ስፒከሮች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ድምፅ ይወጣል።

«አባዬ፣ መነጽርህን!»

ይኸው ነው። ሁለት ሴኮንድ ቢሞላ ነው። በቃሉ ጫፍ ላይ ልጅቷ ልትስቅ ትልና ሳቁ ሳያልቅ ይቆረጣል፤ ከሳቁ ጀርባ፣ ራቅ ብሎ፣ የድስት ክዳን ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ይንቃጨላል። ሽማግሌው «እሺ» ይላሉ። መነጽራቸውን ያደርጋሉ። ቀኑ ይጀመራል።

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ አንቀጽ» ይላቸዋል። ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው። ሥራውን የጀመሩት ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በጽሕፈት መኪና ነበር፤ በኋላ ጉልበታቸው መንገዱን እምቢ ሲላቸው ወደ ቤታቸው የፊት ክፍል አመጡትና በሩ ላይ «ማመልከቻ፣ ውል፣ አቤቱታ ይጻፋል» ብለው በገዛ እጃቸው ጽፈው ለጠፉ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ሰው የማያነበውን ስለሚያነቡ ነው፤ የመድኃኒት ወረቀት፣ የመብራት ደረሰኝ ጀርባ፣ አውቶቡስ ትኬት ላይ በጉንዳን እግር የተጻፈ ማስጠንቀቂያ። አንድ ጊዜ ካውያ ገዝተው የዋስትና ወረቀቱ ላይ የፊደል ስህተት አገኙና ወደ ሱቁ ተመለሱ። ካውያውን ሊመልሱ መስሎት ባለሱቁ ፊቱን አጠቆረ፤ እሳቸው ግን ወረቀቱ እንዲታረም ብቻ ነበር የሄዱት።

«ሕግ ማለት ድልድይ ነው» ይሏቸዋል ደንበኞቻቸውን። «ያነበበውን ያሻግራል፣ ያላነበበውን ይጥላል።»

ባለቤታቸው ከኩሽና ይሰሟቸዋል። «አንተን እስካሁን ወዴት አሻገረህ?»

ኮምፒውተሩ ወደ ቤታቸው የመጣ ጊዜ ልጃቸው አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ማሽኑ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተገጣጥሞ፣ ባዶውን ነው የተገዛው። ሻጩ «ጋሼ፣ ሲስተሙን እኔ በነጻ እጭንልዎታለሁ፤ ማን ያያል?» ብሎ ነበር። «እኔ አያለሁ» አሉ። ሲስተሙንም ለብቻው፣ በካርቶን የታሸገውን፣ ፈቃዱ ከነወረቀቱ ያለውን ገዙ። ሻጩ የሸጠው የመጀመሪያው ካርቶን ሳይሆን አይቀርም፤ አቧራውን በክርኑ ጠርጎ ነው የሰጣቸው።

ልጅቷ ከእሳቸው ቀድማ ለመደችው። እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ረስተው አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ ሲለጥፉ፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ልትሄድ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማ ትጮኻለች፦ «አባዬ፣ መነጽርህን!» አንድ ቅዳሜ ከክፍል ጓደኛዋ ማይክሮፎን ተውሳ መጣች። «እማዬ፣ አንድ ደቂቃ እንዳትንቀሳቀሺ!» ብላ በሩን ዘጋች። በማግስቱ ሽማግሌው፣ ያኔ ገና ሽማግሌ ያልሆኑት፣ ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ ማሽኑ በልጃቸው አፍ ጮኸባቸው፤ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ መሬት ላይ ተንከባለለች።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ባልኖርም ይነግርሃል» አለቻቸው።

ያኔ «ባልኖርም» ማለት ትምህርት ቤት ብሄድም ማለት ነበር።

ልጅ ያድጋል። ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ተመረቀች፤ የሁለት ቀን መንገድ በሚያስኬድ ከተማ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሥራ ያዘች። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ትደውላለች። ድምፅዋ ወፍሯል፤ ፍጥነት ገብቶበታል። «አላችሁ? እማዬስ? መድኃኒትህን ትወስዳለህ?» «አለን። አለች። እወስዳለሁ።» አራት ደቂቃ። ከዚያ ከኋላዋ የሆነ ሰው ይጠራታል። ጋሽ አንቀጽ ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ ግራ የሚገባቸው አንድ ነገር ነበር። ልጃቸው በሕይወት አለች፣ ተመስገን፤ ደመወዝተኛ ናት፣ ጤነኛ ናት። ያቺ የአሥራ አንድ ዓመቷ ግን አልሞተች፣ አልተሰደደች፣ ዝም ብላ የለችም። ለዚህ ዓይነቱ ናፍቆት ለቅሶ አይደረስም፤ የሚደወልበት ስልክም የለው። ያለው ጠዋት ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ሁለት ሴኮንድ።

አንድ ሰኞ ኮምፒውተሩ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ብሎ ዝም አለ።

ሶኬቱን ነቀሉ፣ ሰኩ። ጎኑን መታ መታ አደረጉት። ምንም። ብርድ ልብስ አምጥተው ሲጠቀልሉት ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው ያዩዋቸው ነበር።

«እኔን ሐኪም ቤት ስትወስደኝ ብርድ ልብስ ደርበህልኝ አታውቅም።»

«አንቺ በእግርሽ ትሄጃለሽ።»

«እሱስ ከእኔ የሚቀልለው በምን ሆነና ነው የምትሸከመው?»

ጥገና ቤቱ በልብስ ሰፊና በፎቶ ኮፒ ቤት መሃል የተጨነቀች ጠባብ ክፍል ናት። ብሎኖች በመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ውስጥ በየዓይነታቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ማሽኖች ተደርድረዋል፤ ክፍሉ የቀለጠ ብየዳ ይሸታል። ጠጋኟ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ግንባሯ ላይ ትንሽ መብራት አስራለች፤ ሰው ስታናግር ማጥፋት ስለምትረሳ ደንበኞቿ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያወሯት። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋር የሚያገናኝ በር አለ፤ ጎረቤቷ ኮፒ አንሺው ሳያንኳኳ ይገባል፣ ሳይጠየቅም አስተያየት ይሰጣል።

ማሽኑን ከፈተችው። አቧራውን እፍ አለችበት።

«ጋሼ፣ ማዘርቦርዱ ሄዷል። እነዚህን ትንንሾቹን አዩዋቸው? አብጠው ጭንቅላታቸው ፈንድቷል።»

«ይድናል?»

«እግዜር ያጽናዎት» አለ ኮፒ አንሺው ከበሩ።

«ዝም በል አንተ። ጋሼ፣ ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ ነው። ጽሑፎችዎ በሙሉ አሉ። አንድ ያገለገለ፣ ግን ንጹሕ የሆነ ኮምፒውተር አለኝ፤ የራሱ ሲስተም አለው፤ ጽሑፎችዎን እገለብጥልዎታለሁ። በቃ፣ ነገ ሥራዎን ይቀጥላሉ።»

«እኔ የራሱን አልፈልግም። የኔውን ሲስተም ነው የምፈልገው። እሱ ይዛወርልኝ።»

ጠጋኟ በሰባት ዓመት ሥራዋ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሰው «ይሥራልኝ» ነው የሚለው። መብራቷን ዓይናቸው ላይ እንዳበራች ፈገግ አለች።

«ሁለት ዓይነት ፈቃድ አለ ጋሼ። አንዱ ከማሽኑ ጋር የተወለደ ነው፤ ፋብሪካው ራሱ ጭኖት ይመጣል። እሱ የማሽኑ ነው፤ ማሽኑ ሲሞት አብሮት ይቀበራል፤ ወደ ሌላ አይሄድም። ሁለተኛው ለብቻው የተገዛ ነው፣ በካርቶን። እሱ የሰውየው ነው። ሰውየው ወደ ሌላ ማሽን ሊወስደው ይችላል።»

«በምን ሁኔታ?»

«ከአሮጌው ላይ ከተነሣ። አንድ ፈቃድ፣ አንድ ማሽን።»

«እዚህ መንገድ ላይ ፈቃድ ያለው ሲስተም!» አለ ኮፒ አንሺው። «ጋሼ፣ እሷ እኮ በዚያች ፍላሽ የያዘችው አንድ ሲስተም ሰፈሩን ሙሉ አጥምቋል።»

«ሂድ፣ ማሽንህ ወረቀት ነክሷል» አለችው፤ እውነትም ነክሶ ነበር።

ጋሽ አንቀጽ ግን ልባቸው ዘሎ ነበር። የእሳቸው የካርቶኑ ነው። የሰው ነው፤ የማሽን አይደለም። በሐሳባቸው ነገሩ ግልጽ ነበር፦ ልጅቷ ድምፅዋን ያስገባችው ሲስተሙ ውስጥ ነው፤ የምትናገረው ሲስተሙ ሲከፈት ነው፤ እንግዲያው ሲስተሙ ከተዛወረ እሷም ትዛወራለች። ጋሪ ሲሄድ የተጫነው ዕቃ ወደ ኋላ አይቀርም። ይህን ለጠጋኟ ሊነግሯት አሰቡና ተዉት። ሰባ ሊሞላ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው «መነጽርህን እያለች የምትቆጣኝ ልጅ አለች» ብሎ ይጀምር? ያውም ኮፒ አንሺው እየሰማ?

ካርቶኑን ፍለጋ ሙሉ ጠዋት ፈጀባቸው። ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከልጅቷ የአምስተኛ ክፍል ደብተሮች ሥር ተገኘ። ሲዲው አለ። ሃያ አምስቱ ፊደልና ቁጥር፣ አምስት አምስት ሆነው የተጻፉበት ወረቀት አለ። የፈቃዱ ደንብም አለ፤ በባዕድ ቋንቋ፣ ከማሽላ ፍሬ ባነሰ ፊደል። ከሰዓት በረንዳው ላይ ፀሐይ ፈልገው ተቀመጡ፤ በመነጽራቸው ላይ አጉሊ መነጽር ጨመሩ፣ መዝገበ ቃላቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«ደብዳቤ ስጽፍልህ እንዲህ አንብበህልኝ ቢሆን» አሉ ባለቤታቸው ልብስ እያሰጡ።

«ያንቺ ግልጽ ነበር። ይሄ ያደናግራል።»

አሥራ አንደኛው አንቀጽ ላይ አገኙት። በንጹሕ ወረቀት፣ ለፍርድ ቤት በሚጽፉበት እጅ፣ ተርጉመው ገለበጡት፦ «ተጠቃሚው ሶፍትዌሩን የራሱ ወደ ሆነ ሌላ ኮምፒውተር ማዛወር ይችላል፤ ሆኖም ከቀድሞው ኮምፒውተር ላይ ማስወገድ አለበት።» ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። አርባ ዓመት ለሰው ሲጽፉ ኖረው፣ ለራሳቸው የሚሆን አንቀጽ ሲያገኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

በማግስቱ ጠጋኟ ሲስተሙን ከሲዲው ላይ አዲሱ ማሽን ውስጥ ጫነችው። ከአሮጌው ሃርድ ዲስክም ጽሑፎቻቸውን ገለበጠች፤ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ማመልከቻ፣ ጥቂት ፎቶዎች። ሃያ አምስቱን ምልክቶች አስገባች። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ።

«ይህ ቁልፍ ሌላ ማሽን ላይ ሠርቷል ይላል። በስልክ ማስፈቀድ አለብን።»

ደወለች፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው። የተቀዳች ሴት፣ እንቅልፍ የማታውቅ በሚመስል ጥርት ባለ ድምፅ፣ ይህን አስገቡ፣ ያንን ድገሙ ካለች በኋላ ጠየቀች፦ «ይህ ሶፍትዌር በስንት ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኗል? ቁጥሩን ይጫኑ።»

ጠጋኟ ጣቷን ወደ «አንድ» ቁጥር ሰደደች። ጋሽ አንቀጽ እጇን ያዙ።

«ሁለት ነው።»

«እንዴት ሁለት ነው?»

«አሮጌው ዲስክ ላይ አለ።»

«ጋሼ፣ አሮጌው ሞቷል!»

«ዲስኩ ጤነኛ ነው ብለሽኛል።»

«ሁሉም ሰው አንድ ብሎ ነው የሚያልፈው። ደግሞ እኮ ቀረጻ ናት የምትጠይቀው፤ ሰው አይደለችም።»

«የሚመልሰው ግን ሰው ነው።»

ኮፒ አንሺው ማስቲካውን ማኘክ አቆመ። ጠጋኟ ስልኩን ዘጋችው፤ ተናዳለችም፣ ደግሞ ደስ ብሏታል። አባቷ ትዝ ሳይሏት አልቀረም።

«ለአንድ ሳምንት እንኳን አሮጌውን እንዳለ እናቆየው፤ አንዳንዴ ሰው ትዝ የሚለው ነገር አለ።»

«አንድ ፈቃድ፣ አንድ ማሽን ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አንድ ሳምንት ቀርቶ አንድ ሌሊት ሁለት ቦታ አያድርም።»

«እሺ። ጽሑፎቹን ወስጃለሁ፣ ፎቶዎቹን ወስጃለሁ። ሌላ የሚቀር አለ?»

የልጅቷ ነገር ምላሳቸው ላይ ደርሶ ነበር። ኮፒ አንሺውን አዩት፤ ልብስ ሰፊውም ደግሞ ነገሩ ጥሞት በመስኮት አንገቱን አስግጓል።

«በሲስተሙ ያለው... ሲስተሙ ነው የሚያመጣው፣ አይደል?»

«ሲስተሙማ ገብቷል ጋሼ፣ ይኸው አዲሱ ላይ ነው» አለች ጠጋኟ፤ እሷ የሰማችው ሌላ ጥያቄ ነበር። «አሁን ማጥፋቱ ላይ፤ ላይ ላዩን ላጥፋው ወይስ ከሥሩ? ላይ ላዩን በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ በኋላ ብንጸጸት አንዳንድ ነገር ፈልገን እናገኛለን። ከሥሩ ከሆነ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ዜሮ ይጻፍበታል። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ እኔም ማንም አናገኘውም።»

ጋሽ አንቀጽ ወረቀታቸውን አውጥተው እንደገና አነበቡት። «'ማስወገድ' ነው የሚለው። 'ከሥሩ' አይልም።» ትንሽ አሰቡ። «ኅሊናዬ ግን ከሥሩ ይላል።»

«ቁልፉን እርስዎ ይጫኑታ።»

ጫኑት። ሁለት ሰዓት አጠገቡ ተቀምጠው ቁጥሩን አዩ፤ ሦስት በመቶ፣ አሥራ አንድ በመቶ፣ አርባ። ከዚያ ስልኩ እንደገና ተደወለ፤ የተቀዳችዋ ሴት ስትጠይቅ በገዛ ጣታቸው አንድን ተጫኑ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገውም «አንድ!» አሏት። ስክሪኑ ፈቃዱ መጽደቁን ሲነግራቸው ይግባኝ እንደረታ ሰው ባርኔጣቸውን አነሡ።

ቤት ገብተው ስፒከሮቹን ሰኩ። ወንበራቸውን አስተካከሉ፤ መነጽራቸውን አጠፉ፤ በሁለት ጣት ያዙ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ሰማያዊ ሆነ፤ ክቧ ነገር ዞረች።

አራት የሙዚቃ ድምፅ ወጣ። ለስላሳ፣ ጨዋ፣ የማንም ያልሆነ።

ጠበቁ። ዘግይታ ይሆናል፤ መንገዱ አዲስ ነው። አጥፍተው ከፈቱት። አራት ድምፅ። የስፒከሩን ሽቦ አገላበጡ። አራት ድምፅ። አምስተኛው ላይ ባለቤታቸው እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ ከኩሽና ወጡ።

«የት አለች?» አሉ።

ጋሽ አንቀጽ ቀና አሉ። «ማን?»

«ማን ይለኛል ደግሞ! ልጄ ናታ!»

«አንቺ... ትሰሚያት ነበር እንዴ?»

«አሥራ ስድስት ዓመት የኩሽናውን በር በብርድ ክፍት የምተወው ምን መስሎህ ነው? ጭስ እንዲወጣ?» ፎጣውን ወንበሩ ላይ ጣሉት። «ያ ክዳን ከእጄ ነው የወደቀው። አትንቀሳቀሺ ብላኝ ደንግጬ። በየጠዋቱ ሲወድቅ እሰማዋለሁ።»

አርባ ሁለት ዓመት አብረው ኖረው አንዱ ከሌላው የደበቀው ትልቁ ምሥጢር ይሄ ኖሯል፤ ግድግዳ ለግድግዳ ሆነው አንዲት ልጅ ሲያዳምጡ።

ጥገና ቤቱን ጋሽ አንቀጽ ሮጠው የገቡ ያህል ነው የገቡት። ሁሉንም ነገሯት፤ መጋረጃውን፣ ማይክሮፎኑን፣ የሳቁን ቁራጭ። ጠጋኟ ግንባሯ ላይ ያለውን መብራት አጠፋችው።

«ጋሼ፣ ያ ድምፅ ከጽሑፎችዎ ጋር አልነበረም። ሲስተሙ የራሱን ድምፆች የሚያስቀምጥበት ፎልደር አለ፤ ሰው የማይገባበት። እዚያ ነው ያስገባችው። ጎበዝ ልጅ ናት። እኔ የርስዎን ክፍል ገለበጥኩ፤ የሲስተሙን ክፍል ማን ይገለብጣል? አዲስ ይመጣል ብዬ።»

«ተዛወረ አላልሽኝም?»

«የተዛወረው ፈቃዱ ነው። ፈቃድ እኮ... እንዲኖሩበት የተሰጠ መብት ነው። ቤት ሲቀይሩ የኪራይ ውሉ ቢዛወርልዎ፣ ግድግዳው ላይ ልጅዎ የሣለችው ሥዕል አብሮ አይመጣም።»

አሮጌውን ዲስክ ሰካችው። የምታውቀውን ፕሮግራም ሁሉ ሞከረች፤ አራት ፕሮግራም፤ ደንበኛ መጥቶ ነገ ና ተባለ። ዜሮ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዜሮ።

«ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «አንዲት ቃል።»

«አፍሬ።»

ሕግን ሲያነቡ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ሕጉም አልዋሻቸውም፤ ያልተጻፈውን ነበር ከእሱ የጠበቁት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። «አላችሁ? እማዬስ? መድኃኒት...»

«ልጄ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ» አሉ።

«ምን አጠፋህ? ደህና ነህ?»

ነገሯት። መሃል ላይ ዝም አለች፤ መስመሩ የተቆረጠ መስሏቸው «ሃሎ» አሉ።

«አለሁ። አባዬ፣ ያ ድምፅ እስካሁን ነበር? እኔ እኮ በሳምንቱ ያጠፋኸው መስሎኝ ነበር!»

«እስከ ባለፈው ረቡዕ ነበር። በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁት። ከሥሩ። ደንቡ ያዛል፤ አንቀጽ አሥራ አንድ።»

«አንቀጽ አሥራ አንድ!»

ሳቀች። ልትስቅ ስትል ያወቁት ሳቅ ነበር፤ ያው፣ በአፍንጫ የሚጀምረው። ጋሽ አንቀጽ እንደልማዳቸው የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ትንፋሻቸውን ያዙ። አልተቆረጠም። አለፈ፤ ወጣ፤ ወረደ፤ በመጨረሻ ላይ ትንሽ ሳል አለው። አሥራ ስድስት ዓመት ጫፉን ብቻ የሰሙት ሳቅ ሳል እንዳለው አያውቁም ነበር። ባለቤታቸው ጆሯቸውን ከስልኩ ጀርባ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

የዚያን ቀን ሠላሳ ደቂቃ አወሩ። ከኋላዋ ሰው ሲጠራት «ቆይ፣ ከአባቴ ጋር ነኝ» ስትል ሰሟት።

ማክሰኞ ዕለት ልጅቷ እንደ አዲስ ቀርጻ የላከችውን ድምፅ በባለቤታቸው ስልክ ይዘው፣ ኮምፒውተሩን በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልለው ጥገና ቤቱ ገቡ። «የት እንደሚቀመጥ አሳዪኝ» አሏት። ጠጋኟ ፎልደር በፎልደር እየከፈተች ወሰደቻቸው፤ እሳቸው እያንዳንዱን ስም ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከሥሩም ቀንና ፊርማ አኖሩ። አንዱን ቅጂ እዚያ፣ አንዱን ከማመልከቻዎቻቸው ጋር፣ አንዱን ፍላሽ ላይ አደረገች።

«ይህን ማባዛት ደንቡ ይከለክላል?» አሉ።

«ይህቺማ የርስዎ ናት ጋሼ። በፈለጉት ማሽን።»

አጥፍታ ከፈተችው። ኮፒ አንሺው በሩ ላይ ነበር። ክቧ ነገር ዞራ ቆመች።

«አባዬ... መነጽርህን አድርገሃል?»

የትልቅ ሴት ድምፅ ነው። ከጀርባው ረጅም ኮሪደር፣ ጎማ ያለው አልጋ ሲገፋ ይሰማል፤ ክዳን የለም፣ ሳቅም የለም። ያቺኛዋ በሩ ላይ ቆማ እያየቻቸው ነበር የምታዝዛቸው። ይህችኛዋ አታይም፤ ስለማታይ ትጠይቃለች። ጋሽ አንቀጽ እጃቸው ውስጥ የታጠፈውን መነጽር አዩት።

«አላደረግሁም» አሉ በቀስታ፣ ለስክሪኑ።

ጠጋኟ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች፤ አንዲት ብሎን ከክዳን ወደ ክዳን አዛወረች።

ኮምፒውተሩን ኮፒ አንሺው ምሳ ሰዓት ላይ ቤታቸው ሊያደርስላቸው ቃል ገባ። ጋሽ አንቀጽ ሊወጡ ሲሉ መለስ አሉ።

«ያ አሮጌው ዲስክ የት አለ?»

«እዚሁ ነው። ግን ባዶ ነው ጋሼ፤ ለሌላ ሰው ይሆናል ብዬ...»

«አውቃለሁ ልጄ። ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው። ዲስኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፤ በኮታቸው የውስጥ ኪስ፣ ያ የተረጎሙት ወረቀት ባለበት፣ አስገቡት። በአንድ በኩል ኮታቸው ዘመም አለ። ጠጋኟ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። መንገዱን በጥንቃቄ አዩ፤ ግራ፣ ቀኝ፤ መነጽሩ አሁንም እጃቸው ላይ ነው። ልትጠራቸው አፏን ከፈተች። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን የእሷ አልነበረምና ዋጠችው። ሽማግሌው መንገዱን ተሻገሩ፤ በልብስ ሰፊው መስኮት፣ በመብራት ምሰሶው፣ በግድግዳው ጥግ በኩል፣ መነጽራቸውን በሁለት ጣት እንደያዙ፣ ኪሳቸውን በሌላው እጃቸው ደገፍ አድርገው፣ ቀስ እያሉ ሄዱ።